በር ዘግተን የምናከብረው ፋሲካ፦ ዶሮው፣ ቸኮሌቱና የጎረቤት ድርሻ

ዛሬ የሕማማት ሰኞ ነው፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2012። ፋሲካ የፊታችን እሁድ፣ ሚያዝያ 11 ይውላል። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ጫፍ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቼ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ቤት ናቸው። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የለም። መጨባበጥ የለም። ታክሲውም የሚጭነው በግማሽ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በየቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩ ብላናለች።

በደህናው ጊዜ የእኛ ብሎክ ፋሲካ የሚውለው ደረጃው ላይ ነው። ልጆቹ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። በየበሩ ጉርሻ አለ። ድፎ አለ። "ነይ እስቲ፣ አደግሽ እኮ!" የምትል እናት አለች። ማታ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ዘንድሮ እንኳን አደረሳችሁ የምንለው ለማን ነው?" አለችኝ። ቶሎ መልስ አልመጣልኝም።

በኋላ ቁም ሳጥን ስከፍት፣ ወተት ስላለበት "ለፍስክ" ብዬ ከልጆቹ የደበቅሁትን ቸኮሌት አየሁት። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ዶሮ ወጥ ጎረቤት ቢላክ ሳህኑ መመለስ አለበት። በእኛ አገር ደግሞ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሲሄድ ሲመጣ እጅ ለእጅ መነካካት ነው። ከዚያም ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ቸኮሌት ግን ቢላዋ የለበትም፣ ሳህን የለበትም። በወረቀት ተጠቅልሎ የማንም በር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ዘንድሮ የልጆቼ ጉርሻ ቸኮሌት ነው ብዬ ወሰንኩ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አበላሸሁት፣ አስተካከልኩት። አሠራሩን ከነምክንያቱ እነሆ።

ሳምንቱን እንዲህ አከፋፍሉት

ግዢውን እስከ ረቡዕ ጨርሱ። ቅዳሜ ዕለት ገበያ የሚወጣ ሰው ብዛቱን ታውቁታላችሁ። ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ቸኮሌት፣ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ግዙ። ከቤት አንድ ሰው ብቻ ይውጣ። ሲመለስ እጁን በሳሙና አጥቦ ይግባ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰፈር ከሆናችሁ ሐሙስ ድረስ ጀሪካኖቹን ሙሉ። ዶሮ ማጠብ ብቻውን ስንት ውሃ እንደሚጨርስ ለሴት አይነገራትም።

ሐሙስ ጉልባን አለ። አርብ ስቅለት ነው። የጸሎትና የስግደት ቀን ስለሆነ ከቸኮሌቱ እጃችሁን አንሱ፤ ልጆቹም ቀኑን ለይተው ይወቁት። ቸኮሌት የሚሠራው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሽንኩርት ከመከተፉ በፊት። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቸኮሌቱን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ

ሱቅ ውስጥ "ቸኮሌት" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማሸጊያው ጀርባ ላይ የይዘት ዝርዝር አለ። የተጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለበት ነው።

ሦስት ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው የካካዎ ቅቤ ነው። እሱ ያለበት እውነተኛው ቸኮሌት ነው። በካካዎ ቅቤ ፋንታ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ስብ የገባበት ርካሹ ነው። ርካሹን አልንቀውም። ለማቅለጥ እንዲያውም እሱ ይቀላል፤ አቅልጣችሁ ብታፈሱት ያለ ብዙ ጥበብ ይረጋል። ጣዕሙ ላይ ግን ልዩነቱ ይታወቃል።

ሁለተኛው ወተት ነው። ወተት ወይም የወተት ዱቄት ካለበት የፍስክ ነው፤ እስከ እሁድ ይቆያል። ጥቁሩ ቸኮሌት ብዙ ጊዜ ወተት የለበትም፤ እንደዚያ ከሆነ የጾም ነው። እኔ ልምምዱን ሁሉ ያደረግሁት በጥቁሩ ነው። የምትሠራው እናት ጾመኛ ከሆነች የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ መቅመስ ትችላለች። ሳይቀምሱ መሥራት እንዴት እንደሚያስቸግር ወጥ የሠራ ያውቀዋል።

ሦስተኛው አልኮል ነው። መሐሉ መጠጥ የተሞላ ቸኮሌት አለ። ለልጅም ለሙስሊም ጎረቤትም አይሆንም። ጽሑፉ ካልገባችሁ ሞባይል ያለው ወጣት አስነብቡ፤ በግምት አትግዙ።

ስንት ይበቃል? እኔ ለ10 በርና ለሁለት ልጆች 600 ግራም አስቤአለሁ። 200 ግራሙ ለእንቁላሉ፣ 400 ግራሙ ለቆሎው።

የእንቁላል ቅርፊት ማዘጋጀት

ፈረንጆቹ ለፋሲካ የቸኮሌት እንቁላል ይሰጣጣሉ። ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በድሮ ጊዜ እነሱም በጾማቸው እንቁላል አይበሉም ነበርና፣ ለፋሲካ እንቁላል ትልቅ ነገር ነበር። ቸኮሌቱ የመጣው ኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የነበረው የፍራይ ፋብሪካ ባዶ ሆዱን የቸኮሌት እንቁላል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እኛም 55 ቀን ከእንቁላል ርቀን፣ የፋሲካ ዕለት 12ቱን ከዶሮው ጋር እናገኘዋለን።

ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበትን ቅርጽ ማውጫ አትፈልጉ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት ይበልጠዋል። ትንሽ ነው፣ ለልጅ እጅ ልክ ነው።

ትንሹ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ ገና አይጾምም። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይበላል። ስለዚህ ቅርፊቱን ከእሱ ቁርስ እሰበስባለሁ። እናንተም ቤት የማይጾም ልጅ ካለ ከነገ ጀምሩ፤ እስከ ቅዳሜ አራት አምስት ቅርፊት ይኖራችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንቁላሉን በወፍራሙ ጫፍ በኩል አቁሙት። በሹል ቢላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ የ50 ሳንቲም ያህል ቀዳዳ ክፈቱ። አስኳሉንና ውሃውን ወደ መጥበሻው አፍስሱ። ውስጡን በውሃ እጠቡና ከቀዳዳው አጠገብ ያለውን ስስ ሽፋን በጣታችሁ ሳቡት፤ ብዙው ተያይዞ ይወጣል። ከዚያ ቅርፊቱን ውሃ ውስጥ አስጥማችሁ 15 ደቂቃ ቀቅሉት። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻው 100 አይደርስም። ስለዚህ ሰዓቱን አትቀንሱበት። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅና ቢላዋም በሳሙና ይታጠብ።

ከቀቀላችሁ በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ንጹህ ጨርቅ ላይ አድርቁት። አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ውስጡ የውሃ ጠብታ ከቀረ የምትለፉበት ነገር ሁሉ ይበላሻል። ቅርፊቱን የሚያቆምላችሁ ምን መሰላችሁ? የቡና ሲኒ። አንድ ሲኒ ለአንድ እንቁላል ልክ የተሠራ ይመስላል። ረከቦቱ ላይ ደርድሯቸው።

ማቅለጥ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ቸኮሌት ሁለት ጠላት አለው፤ ውሃና ኃይለኛ እሳት።

የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ከሰውነታችን ሙቀት ያንሳል፤ አፍ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ምድጃው ላይ በቀጥታ አይጣድም። ያርራል።

ቸኮሌቱን በቢላዋ ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ከሦስት እጁ አንዱን እጅ ለብቻ አስቀምጡ። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጋችሁ አፍሉና እሳቱን አጥፉት፣ ወይም በጣም አሳንሱት። በላዩ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ግጥም አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሳህኑ ታች ውሃውን መንካት የለበትም። እንፋሎቱ ነው የሚያሞቀው። ሁለቱን እጅ ቸኮሌት እዚህ ጨምሩ።

በደረቅ የብረት ማንኪያ አማስሉ። የእንጨት ማማሰያ ይቅርባችሁ። ወጥ ያማሰለበት እንጨት በርበሬውን አይረሳም፤ እርጥበትም ይይዛል።

የእኔ ስህተት እዚህ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን አለቅልቄ ሳላደርቅ አስገባሁት። ለስላሳና አብረቅራቂ የነበረው ቸኮሌት ዓይኔ እያየ ጓጎለ። ደርቆ እንደ ጓጎለ ገንፎ ሆነ። ልጄ ከጎኔ ቆማ "ሞተ?" አለችኝ። አልሞተም። እንደዚህ ከሆነባችሁ አትጣሉት። ሞቅ ያለ ወተት በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉት፤ መልሶ ይፈታል። ጾም ላይ ስለነበርኩ እኔ ፈንታው ሙቅ ውሃ ጨመርኩበት፤ እሱም ይሠራል። እንቁላል ለመሙላት አይሆንም እንጂ በዳቦ የሚጠቀስ ጥሩ ሶስ ይወጣዋል።

እንቀጥል። ቸኮሌቱ ሊቀልጥ ትንሽ ሲቀረው ሳህኑን ከድስቱ አውርዱ። ወዲያው የሳህኑን ታች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያበላሽበት። አሁን ለብቻ ያስቀመጣችሁትን አንድ እጅ ጨምሩና ዝም ብላችሁ አማስሉ። አሥር ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። ቀዝቃዛው ቸኮሌት ሙቁን እያበረደው፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ይህ ለምን አስፈለገ? እንዲሁ አቅልጣችሁ ብታፈሱት የካካዎ ቅቤው ሥርዓት ይዞ አይረጋም። ይለሰልሳል፤ እጅ ላይ ይቀልጣል። ከቀናት በኋላም ላዩ ነጭ አመድ የነካው ይመስላል። ነጩ ነገር ሻጋታ አይደለም፤ የራሱ ስብ ነው፤ ቢበላ አይጎዳም። መልኩ ግን ደስ አይልም። ቀስ ብሎ የበረደው ግን ያብረቀርቃል፤ ሲሰበር "ቀጭ" ይላል።

ቴርሞሜትር ላለው፣ ጥቁሩ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ የወተቱ 29 ወይም 30 ሲደርስ ዝግጁ ነው። የሌለው በከንፈሩ ይለካ። በንጹህ ማንኪያ ጠብ አድርጋችሁ የታችኛው ከንፈራችሁን ንኩበት። ቀዝቀዝ ካለ ደርሷል። ሞቅ ካለ ማማሰሉን ቀጥሉ። ያን ማንኪያ መልሳችሁ አታስገቡ፤ በዚህ ጊዜ በተለይ። ሌላው መለኪያ የቢላዋ ጫፍ ነው። ጫፉን ነክራችሁ አስቀምጡት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አብረቅርቆ ከደረቀ ተሳክቶላችኋል። የርካሹን ቸኮሌት ከገዛችሁ ይህን ሁሉ ዝለሉት፤ ማቅለጥ ብቻ ይበቃል።

የእኛ አየር ለዚህ ሥራ የተመረቀ ነው። ጠዋት ቤታችን ውስጥ ቀዝቀዝ ስለሚል ቸኮሌት ያለ ፍሪጅ ይረጋል። መብራት ቢጠፋም አያስጨንቅም።

አሁን ሲኒዎቹ ላይ ያሉትን ቅርፊቶች አምጡ። አንዱን አንሡና እስከ ሲሶው ቸኮሌት አፍስሱበት። በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፤ ውስጡን በሙሉ ይልበሰው። የተረፈውን ወደ ሳህኑ መልሱና ቅርፊቱን አፉን ደፍታችሁ ሲኒው ላይ አስቀምጡት። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሲረጋ ባዶውን ሆዱን በቆሎ ወይም በለውዝ ሙሉና አፉን በቸኮሌት ዝጉት። 200 ግራም ለስድስት ያህል ትናንሽ ቅርፊት ይበቃል።

እሁድ ጠዋት ልጁ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ "ቀው" አድርጎ ይልጠዋል። ነጩ ቅርፊት ተነሥቶ ጥቁሩ ቸኮሌት ሲወጣ ነው ደስታው። ትልቋ ልጄ በሙከራው ቀን እየላጠች ስትስቅ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ቆሎ በቸኮሌት፣ ለጎረቤት

እንቁላሉ ለቤት ነው። ለበሩ ሁሉ የሚሆነው ይህ ነው፤ ቀላልም ነው።

ሁለት ብርጭቆ የገብስ ቆሎ ውሰዱ። ምጣድ ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል መልሳችሁ አመስ አመስ አድርጉት፤ እርጥበቱ ይውጣና ይንኮሻኮሽ። ሙሉ በሙሉ ይብረድ። 400 ግራም ቸኮሌት ከላይ እንደነገርኳችሁ አቅልጣችሁ ቆሎውን ጨምሩበት። ከፈለጋችሁ ቁንጥር ጨው። በማንኪያ እየጨለፋችሁ ንጹህ ወረቀት የተነጠፈበት ትሪ ላይ ጉብ ጉብ አድርጉት። 30 ያህል ይወጣል። ለአንድ በር ሦስት፣ ሦስት።

ጥቁር ቸኮሌት ብትጠቀሙ ይሻላል፤ ገብሱ ከመራራው ጋር ይስማማል። በወተቱም ሠርታችሁ ለልጆች ብትሰጡ ቅር የሚለው የለም። አንድ ነገር ግን አደራ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎም ሆነ ሙሉ ለውዝ አትስጡ፤ ያንቃል። ለእሱ ባዶውን ቸኮሌት አውጡለት። ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለም ፍርፋሪውን አትጣሉለት። ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው።

ቸኮሌት ሱቅ ውስጥ ከጠፋ

እኛ ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች ሱቅ ያለው ነገር ውስን ነው። የካካዎ ዱቄት ካገኛችሁ ግን መንገድ አለ። አንድ ቆርቆሮ ወፍራም ጣፋጭ ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ። የገበታ ቅቤ ነው ያልኩት፤ የተነጠረው ኮረሪማና ኮሰረት ስላለበት ለወጡ ይቆየው። ሦስቱን ድስት ውስጥ ጨምራችሁ በዝግታ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። 10 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ማንኪያው ሲያልፍ የድስቱ ታች እየታየ፣ ከጎኑም እየለቀቀ ሲመጣ አውርዱት። ሲበርድ እጃችሁን ቅቤ ቀባ አድርጋችሁ ድቡልቡል አድርጉት። ይህኛው የፍስክ ነው።

ሽታ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ያልኩበት ምክንያት ይኸው ነው። ቸኮሌት ያገኘውን ሽታ ይጠጣል። የመጀመሪያውን ሙከራዬን ኩሽና መደርደሪያ ላይ ክፍቱን ትቼው ሽሮ ሠራሁ። በማግስቱ ቸኮሌቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለኝ። ሽሮ እንዲህ ካደረገው፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲቁላላ የሚውልበት የፋሲካ ዋዜማ ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

የረጋውን ቸኮሌት ክዳኑ ግጥም በሚል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉና መኝታ ቤት፣ ፀሐይ የማያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ አይሻልም፤ እዚያም ሥጋና ቅቤ አለ፤ ሲወጣም ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ስለ ዶሮው ብዙ አልልም። የምታነቡት እናቶች ከእኔ ትበልጣላችሁ። ለአዲስ ሙሽሮች ብቻ፦ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪያልቅ። በርበሬው ከገባ በኋላ ትዕግሥት። 12 ብልት፣ 12 እንቁላል። ዕርዱን ኮሚናል በምንለው የጋራ ቤት የምታደርጉ ከሆነ ከጎረቤት ጋር በስልክ ሰዓት ተከፋፈሉ፤ አንዱ አጥቦ ሲወጣ ሌላው ይግባ።

ሌሊት 9 ሰዓት

በየዓመቱ በዚህ ሌሊት ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ዘንድሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ነን። እኔ ግን እንደ ፊልም ተቀምጠን እንድናየው አልፈልግም። ወለሉ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዙ። ነጠላውን ልበሱ፣ ልጆቹንም አልብሱ። ቁሙ። ጧፍ አብሩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሳኒታይዘር አልኮል ስለሆነ በእሳት ይያያዛል። ጧፍ የምትይዙበት እጅ፣ ምድጃ የምትለኩሱበት እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ።

ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲል "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብላችሁ መልሱ። ልጆቹን እስከ ቅዳሜ አስጠኗቸው። "አሠሮ ለሰይጣን"፤ "አግዐዞ ለአዳም"። "ሰላም"፤ "እምይእዜሰ"። "ኮነ"፤ "ፍሥሐ ወሰላም"። የእኔዎቹ ይዘውታል። ትንሹ "አግዐዞ" ላይ ይደናቀፋል፤ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚደናቀፈው።

ከጸሎቱ በኋላ ቸኮሌቱ አይቅደም። በተለይ ያከፈለ ሰው ሆዱ ባዶ ነው። መጀመሪያ ተልባ። ቀጥሎ ትንሽ ዶሮ በእንጀራ። ልጆች ተነሥተው ቸኮሌት ቢጠይቁ "ሲነጋ" በሏቸው። 55 ቀን ወተትና ቅቤ ያልነካ ሆድ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይችልም። ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው ያደረ ልጅ ፋሲካ አከበረ አይባልም።

የጎረቤት ድርሻ አሰጣጥ

ሦስት ሦስቱን ቆሎ በንጹህ ወረቀት ጠቅልሉ። ከመጠቅለላችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ያመመው ሰው፣ የሚያስለው ሰው ከዚህ ሥራ ይውጣ። ላዩ ላይ ልጆቹ በእጃቸው "እንኳን አደረሳችሁ" ይጻፉበት። ለማያከብሩት ጎረቤቶች ልጄ "መልካም ጎረቤቶቻችን" ብላ ጽፋለች። ረመዳንም ሊገባ ቀናት ቀርተውታል፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ከእነሱ በኩል ቴምር እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ጥቅሉን የበሩ እጀታ ላይ በፌስታል አንጠልጥሉ። አንኳኩና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቁ። ወይም ከታች ሆናችሁ ደውሉ።

ትናንት የሆሣዕናን ዘንባባ አራተኛ ፎቅ ላሉት እማማ በዚሁ መንገድ ሰጥቼ ሞከርኩት።

"እማማ፣ በርዎ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ይክፈቱ።"

"ኧረ ልጄ፣ ምነው ግቢ እንጂ! ቡና ላፍላ?"

"ዘንድሮ አይሆንም እማማ። በጤና ያቆይልኝ።"

በሩን ከፍተው ዘንባባውን ሲያዩ፣ ከደረጃው ማጠፊያ ሆኜ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። እሳቸውም አነሡና ግንባራቸው ላይ አሰሩት። ብዙ ቆምን፤ እሳቸው በራቸው ላይ፣ እኔ ማጠፊያው ላይ። ሳናወራ።

እማማ ስኳር አለባቸው። ለእሳቸው ቸኮሌት አልልክም፤ ትንሽ ተልባና የድፎ ቁራሽ ነው የማደርስላቸው። እናንተም ከመላካችሁ በፊት ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ለውዝ እንደማይስማማው በስልክ ጠይቁ።

እሁድ ጠዋት

ልጆቹ እንቁላላቸውን የሚልጡት ቡና ሲፈላ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጉና አያቶቻቸውጋ ደውሉ። እናቴ አገር ቤት ናት፤ ሰባ አልፏታል። ዘንድሮ ሄደን ጉልበቷን መሳም አንችልም። ነገር ግን ልጆቹ ቅርፊቱን ሲሰብሩ ድምፁን ትስማው ብዬ ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እዚያም እሷ የራሷን ቡና ታፈላለች። ቶናውንም በረካውንም አብረን እንጠጣለን፤ የአየር ሰዓት እስኪያልቅ።

የተረፈውን ቸኮሌት ወደ ቆርቆሮው መልሱት። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና አርብም ጾም የለም፤ የወተቱም ቢሆን አያስጨንቃችሁም። በቀን አንድ አንድ ስጧቸው፤ ከዚያ አፋቸውን ይጉመጥመጡ። የእንቁላሉን ቅርፊት ስብርባሪ አትጣሉት። ፈጭታችሁ በረንዳ ላይ ያለው የጤና አዳም ሥር አድርጉት።